አፈር የጠገበ ጣሪያ

ሚያዝያ 24 ቀን 1957፣ እሑድ፣ ማታ 1 ሰ.

ዛሬም ሥራ ይዤ ቤት ገባሁ፣ ዛሬም አፈር ወረደብኝ። የመቶ አለቃው ሱሪ ላይ፣ ያውም ተተኩሶ ታጥፎ ካለቀ በኋላ። አራገፍኩት። ቀዩ አፈር አይለቅም፣ ሲያሹት ይብስበታል። መቶ አለቃው ከሸዋ ተመድቦ ከመጣ ወዲህ አቧራ ባየ ቁጥር ሐረርን በሙሉ ይረግማል። ነገ ደግሞ እኔን።

እናቴ ቀና ብላ አየችና ጣሪያው አፈር ጠምቶታል አለች። ነገ የአፎቻ ሴቶች ይመጣሉ። (አፎቻ ለሰርግም ለለቅሶም የምንደራረስበት ማኅበራችን ነው፤ አንተ ወረቀት ነህና ልንገርህ።) ዝናብ ሳይገባ በየዓመቱ የሰውን ጣሪያ አዲስ አፈር ማልበስ የሴቶቹ ወግ ነው።

ፋኖሱን ከፍ አድርጌ አየሁ። ጣሪያውን የተሸከመው ትልቁ አግዳሚ እንጨት መሃሉ ላይ ተሰንጥቋል፣ ጣቴ ይገባል። ልክ ከእናቴ መኝታ በላይ።

ሚያዝያ 25፣ ሰኞ

መጡ። አፈሩን በዘንቢል አወጡ፣ ውሃ ረጩበት፣ እየዘፈኑ ደበደቡት። እኔ ታች። እነሱ በመቱ ቁጥር እንጨቱ ያቃስታል። እናቴ ላይ ሆና እንደ ልጃገረድ ትስቃለች። ጣሪያ በየዓመቱ ጋቢ ይፈልጋል ይል ነበር አባቴ። እሱ ከሞተ ወዲህ እንደዚህች ቀን የምትደሰትበት ቀን የላትም። እንዴት ብዬ ተዉት ልበል?

ሲሄዱ ወጣሁና ጥግ ላይ ቆፈርኩ። ክንዴ ገባ። እስከ ትከሻዬ ገባ። እንጨቱን አልነካሁም፣ አፈር ብቻ። የእናቴ አፈር፣ ከሥሩ የአያቴ፣ ከዚያም ሥር የማላውቃቸው ሰዎች። የአምናውን የጠረገ አንድ ሰው የለም። በእኛ አገር ደግ ልጅ ሲወደስ የአባቱ ጣሪያ ላይ አፈር ጨመረ ይባላል። ጠረገ ተብሎ የተመሰገነ ልጅ አልሰማሁም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እራፊ በእራፊ ላይ እየደረበ የሚሰፋ ቢመጣ ከሰፊዎች መንገድ እናባርረዋለን። ጣሪያችን ላይ ግን ስንደርብ ኖረናል።

ሚያዝያ 28፣ ሐሙስ

አው ዑመር መጡ። አው የምንለው ለትልቅ ሰው ነው። እሳቸው ግንበኛ ናቸው። የጀጎልን ቤት ግማሹን ያደስኩት እኔ ነኝ ይላሉ፤ የቆመውን ግማሽ ይሁን የወደቀውን አልነገሩኝም። አግዳሚውን አዩ፣ ላይ ወጥተው አፈሩን አዩ። መጠገን የለም፣ ሙሉ በሙሉ ወርዶ አዲስ ይሠራ አሉ። ስንት ይፈጃል አልኩ። ጢማቸውን እያሻሹ መለሱ።

«እሱን እኔን አትጠይቀኝ። እንጨቱ በየት ይገባል? አፈሩ በየት ይወጣል? ዝናቡ መቼ ይመጣል? ግድግዳው የማን ነው? ይህን ንገረኝ፣ እኔ ደግሞ ስንት እንደሚፈጅ እነግርሃለሁ።»

የነጋዴ መልስ መሰለኝና ተናደድኩ።

ግንቦት 2፣ ሰኞ

ሥራ ዘግቼ እንጨት ፍለጋ። ከሸዋ በር፣ ከከተማው ግንብ ውጭ ዞርኩ። ጥድ የለም ማለት ይቻላል፤ ያለውም ወይ አጭር ወይ ጠማማ። ሻጩ ሽማግሌ ጫካው ድሮ እዚህ ድረስ ነበር ብለው ከፊታቸው ያለውን ሜዳ አሳዩኝ። አሁን ከሩቅ ነው የሚመጣው። እንጨቱን አይደለም የምንገዛው፣ መንገዱን ነው። ባሕር ዛፍ ሞልቷል፣ ርካሽም ነው፣ አፈር ሲጫነው ግን ይጎብጣል።

ከዚያ ጊደር መጋላ ወደሚባለው ገበያ፣ ቆርቆሮ ለማየት። ነጋዴው በጥፍሩ እያንኳኳ ቀላል ነው፣ ሥራው ቶሎ ያልቃል፣ አፈር የሚባል ነገር አይፈልግም አለኝ። ልቤ ሄደ። እናቴ ግን ቆርቆሮ ሥር ዝናብ ሲዘንብ አዛን አይሰማም አለች። በዚህ አበቃ። ደግሞም ቆርቆሮ ተዳፋት ይፈልጋል፤ ውሃው በሙሉ የሚወርደው ጎረቤታችን ወ/ሮ ሩቅያ ግቢ ነው። የሰው ግቢ አጥለቅልቆ እንቅልፍ የለም። በአፈር ይሁን።

ግንቦት 6፣ ዓርብ

ጥዱ ተገኘ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ሳልጨርስ ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ቆመ። አይዞርም። የአያቶቻችን መንገድ ለሰውና ለአህያ ነው የተሠራው፣ ለዚህ ርዝመት አይደለም። ቁረጡት እንዳልል ከግድግዳ ግድግዳ መድረስ አለበት። ያለው መፍትሔ በሰው ጣሪያ ላይ ማሳለፍ ነው። የጣሪያው ባለቤት ሐጂ ሙሳ እምቢ አላሉም። ግን ልጃቸውን እየዳሩ ነው፣ ሰርጉ ሳያልፍ ጣሪያቸውን ማንም አይረግጥም። እግረ መንገዴንም የሙሽራውን ኮት እንድሰፋላቸው፣ ለጉርብትና። እንግዲህ በእኛ ጣሪያ ዋጋ ውስጥ የሰው ኮት ገባ። እንጨቱ መንገድ ዳር ተጋድሟል። የሚያልፈው ሁሉ እየተደናቀፈ ስሜን ያነሣል።

ግንቦት 9፣ ሰኞ

አው ዑመር ስለ ግድግዳው የጠየቁት ዛሬ ገባኝ። ከወ/ሮ ሩቅያ ጋር ግድግዳችን አንድ ነው። የእኛ ጣሪያ ከዚህ ወገን፣ የእሳቸው ከዚያ ወገን ያርፍበታል። የእሳቸውም አፈር ከእኛው አያንስም። ሁለቱ አንድ ላይ ቢወርዱ ይሻላል አሉ አው ዑመር። ወ/ሮ ሩቅያ ባላቸው ሞቷል፣ ልጅ የላቸውም፣ ሞሰብና ሰፌድ ሰፍተው ሸጠው ነው የሚያድሩት። አንገታቸውን ደፉ። ለእኔ እስክሞት ቢቆምልኝ ይበቃኛል አሉ።

የስፌት መኪናዬን ብሸጥ የሁለቱንም እችላለሁ። ያለ መኪና እኔ ምንድን ነኝ? የእኛን ወገን አሁን፣ የእሳቸውን ለከርሞ ኢንሻአላህ አልኩ። አው ዑመር ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና ይህን ያህል ዘመን የቆመ ነው፣ ይቆማል አሉ። ሌላ ሥራ ይጠብቃቸዋል፣ እንጨቱ ሳይገባም አፈሩን ማውረድ ይፈልጋሉ። እኔም መስማት የፈለግኩት ይህንኑ ነበር።

ግንቦት 13፣ ዓርብ

ከእናቴ ጋር ጭቅጭቅ። ጣሪያው እስኪሠራ ድሬዳዋ፣ እህቴ ዘንድ ሂጂ አልኳት። አልሄድም። ለመንኩ። አልሄድም። ስቆጣ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አባትህ ያለበሰውን ልትገፈው ነው። ግፈፈው። እኔ ግን ከዚህ ርቄ አላድርም።»

በመጨረሻ ወ/ሮ ሩቅያ ዘንድ እንድታድር ተስማማን። የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። መኝታዋን ተሸክሜ ወሰድኩ፣ ግድግዳውን ተጠግታ ተነጠፈላት፤ ስትጠራኝ እንድሰማት። ደስ አለኝ። ከተሰነጠቀው አግዳሚ ሥር ወጣችልኝ።

ግንቦት 17፣ ማክሰኞ

አፈሩ እየወረደ ነው። አህያ ተከትሎ አህያ፣ በጠባቡ መንገድ፣ በሸዋ በር ወጥቶ ይደፋል። ለማስገባት ሲሆን በዘንቢል በነጻ ነበር። ለማስወጣት ሁሉም ዋጋ አለው። አሮጌው እንጨት ሲነሣ የግድግዳው አናት ምስጥ የበላው ሆኖ ተገኘ። ሳይከፈት የማይታይ ነገር። ሌላ ወጪ።

እናቴ የወ/ሮ ሩቅያ ደጃፍ ተቀምጣ የሚያልፈውን አፈር ታያለች። ነጭ አለበት፣ ግራጫ አለበት፣ ደም የመሰለ ቀይ አለበት። ቀዩን ስታይ ይህ አንተ የተወለድክ ዓመት ነው አለች፣ አራስ ሆኜ ወጥቼ ደበደብኩ ብላ ሳቀች። እንባዬ መጣ። አህያ ነጂው እንዳያየኝ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

አው ዑመር ከወረደው እንጨት ያልበሰበሰውን ለይተው ጥግ አስቀመጡ። ለአንድ ነገር ይሆናል አሉ።

ግንቦት 21፣ ቅዳሜ

ቤታችን ሰማይ ለሰማይ። ሰርጉ ገና ነው። እንጨቱ ገና መንገድ ዳር። ኮቱ አልቋል፤ ሙሽራው ትከሻው ይይዘኛል ይላል፣ ትከሻ ቢኖረው። አው ዑመር ሌላ ሰው ቤት ሄደዋል። ደመና ከምሥራቅ።

የወ/ሮ ሩቅያ በር አልከፈት ብሏቸው ጠሩኝ። ላይኛው ጠርዙ መቃኑን ይነክሳል። ደመናው ነው፣ እንጨት ያብጣል አልኩ። ከአው ዑመር ዕቃ ውስጥ መላጊያ ወስጄ ጠርዙን ላግኩላቸው። ሰተት ብሎ ተከፈተ። ወ/ሮ ሩቅያ መረቁኝ፣ እናቴ በልጇ ኮራች። ከሰሞኑ ያከናወንኩት አንድ ሥራ ይህ ነው።

ግንቦት 23፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ዝናብ። ከቀትር ጀምሮ። ሸራ ተውሼ የግድግዳውን አናት ሸፈንኩ፣ ነፋስ ገፈፈው። ድንጋይ ጫንኩበት። ጭቃው እየቀለጠ ይወርዳል። የወ/ሮ ሩቅያ በር እንደገና ነክሷል፤ እንደገና መላግ ሊኖርብኝ ነው።

አው ዑመር ጋ ሰው ልላክ? በዚህ ዝናብ ማን ይሄዳል። እናቴን ዛሬ ሌላ ቤት እደሪ ልበላት? አልኳት፤ ሳቀችብኝ። ጣሪያ ያለው ሩቅያ ቤት ነው፣ የተራቆትከው አንተ ነህ፣ ይልቅ አንተ እዚህ እደር አለች። እውነቷን ነው። ነገ ጠዋት አው ዑመርን ራሴ ሄጄ አመጣለሁ።

ግንቦት 24

ግድግዳው ወደ እነሱ ወደቀ። ሱብሒ ላይ፣ ጎህ ሲቀድ።

ወ/ሮ ሩቅያ ለሶላት ሊታጠቡ፣ ውዱእ ሊያደርጉ ግቢ ወጥተው ነበር። እናቴ ቀድማ ጨርሳ መስገጃዋ ላይ ነበረች።

በእጃችን ቆፈርን። የእሳቸውም ጣሪያ አብሮ ወርዷል። አፈር፣ አፈር፣ አፈር።

አልችልም።

ግንቦት 25፣ ረቡዕ

ትናንትናውኑ ቀበርናት።

አው ዑመር መጥተው ፍርስራሹ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። ከዚያ ነገሩኝ። ግድግዳው እንደ አህያ ነው፣ ግራና ቀኝ የተጫነ። የአንዱን ወገን ጭነት ስናወርድ የሌላው ወገን ጎተተው፣ ዝናቡ ጨረሰው። ማወቅ ነበረብኝ አሉ። ያን ቀን ግድግዳውን መታ መታ ያደረጉበትን መዳፋቸውን እያዩ። ልቆጣቸው ፈለግኩ፣ አቅም አጣሁ።

ሰው ሁሉ የአላህ ውሳኔ ነው ይለኛል። አውቃለሁ። በሩን የላግኩት ግን እኔ ነኝ። እንጨቱ አላበጠም ነበር። የጋራው ግድግዳ እያዘነበለ አጠገቡ ያለውን መቃን ሲጫነው በሩ ይነግረኝ ነበር፣ እኔ ጠርዙን ላግኩት። ለመኪናዬ ስሳሳ እናቴን ገደልኩ። ለሌላ ለማን እንደምናገረው አላውቅም፣ ለአንተ ጻፍኩት።

መቃብር ላይ ከአስከሬኑ በላይ የሚጋደም እንጨት ጠፋ። አው ዑመር ቤት ሄደው ጥግ ያስቀመጡትን፣ ያልበሰበሰውን፣ ቆርጠው አመጡ። ዓይኔን አዩ። ራሴን ነቀነቅኩ። ጣሪያዋን አለበስናት። ከዚያ ወንዶቹ በየተራ። የእኔ ተራ ሲደርስ አካፋውን ሰጡኝ።

እኔም እንደ ደግ ልጅ አፈር ጨመርኩ።

ሰኔ 2፣ ረቡዕ

የሐጂ ሙሳ ልጅ ሰርግ ያለ ዘፈን አለፈ። ለእናቴ ብለው ነው። ዛሬ እንጨቱ በጣሪያቸው ላይ አልፎ ገባ። ተሸካሚዎቹም ድምፅ አላሰሙም።

ወ/ሮ ሩቅያ ዘመድ ቤት ተጠግተዋል። ዓይኔን ማየት አይፈልጉም ብዬ ከለቅሶው ጀምሮ ስሸሻቸው ነበር። ራሳቸው መጡ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሲነሡ ከፍርስራሹ ሥር ብቅ ያለውን በራቸውን አሳዩኝ።

«እሱ ደኅና ነው፣ እንዳትጥለው። ገና እንዘጋዋለን።»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ አው ዑመር መጥተው ከየት እንጀምር አሉ። ከወ/ሮ ሩቅያ ወገን አልኩ። ግድግዳው አንድ ይሁን፣ ጣሪያውም አንድ ይሁን፣ አንድ ላይ ይውጣ። ስንት እንደሚፈጅ አልጠየቅኩም፣ እሳቸውም አላነሡም።

የስፌት መኪናዬን ሸጬዋለሁ። ገዢው ነገ ጠዋት ሊወስደው ይመጣል። አሁን እያጸዳሁት ነው። መንኰራኩሩን ዘይት ቀባሁ፣ ክሩን አወጣሁ። ከመርፌው ሥር ያለውን ክዳን ስከፍት ቀይ አፈር ሞልቶበታል። ልጠርገው ጨርቅ አነሣሁና የእናቴ ጣሪያ መሆኑ ትዝ ሲለኝ መልሼ አስቀመጥኩት።