ማዕዶትን የጠራኋት እኔ ነኝ

ይድረስ ለአክስቴ ለእትዬ አስካለ፣ እንደምን ሰንብተዋል?

ልጅዎ ይዲድያ ትናንት ከዱሉዝ ወደ ሚኒያፖሊስ ሆስፒታል ተዛውሯል። እኔ ለምኖርበት ለኢገን ስለሚቀርብ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ። አሁንም በመሣሪያ ነው የሚተነፍሰው፤ አልነቃም። ዛሬ ጢሙን ላጨሁት።

በስልክ ያልነገርኩዎት ስላለ ነው በቴሌግራም የምጽፍልዎ። ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ዱሉዝ፣ ባሕር በሚያክለው ሐይቅ ዳር ሳለን፣ ልጄን ማዕዶትን ወደ ውስጥ የሚጎትት ኃይለኛ ውሃ ወሰዳት። ትምህርት ቤት እንደተማረችው፣ ለመውጣት ወደ ጎን መዋኘት ጀምራ ነበር። ዋና የማላውቅ እኔ፣ «ወዴት ነው የምትሄጂው? ቀጥ ብለሽ ወደ እኔ ነይ!» ብዬ ጮህኩባት። ዞራ ከውሃው ጋር ስትታገል ደከመች። ይዲድያ ዘሎ ገባ። እሷን ገፍቶ ለሰዎች አቀበላት፤ እሱን ግን ያገኘነው ቆይተን ነው።

«መውጫውን ካወቅሽ ለምን ተመለስሽ?» ብላት፣ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ በአማርኛ፣ «ጠራሽኛ!» አለችኝ።

ፓስፖርትዎ ጊዜው እንዳላለፈ ዛሬውኑ ይዩልኝ፤ ለቪዛው የይዲድያ ሐኪም ደብዳቤ ትጽፋለች። እዚያ ላሉት ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ እግዚአብሔር ያበርታዎ። ሐሙስ ጠዋት ሐኪሞቹ መተንፈሻ መሣሪያው ይቀጥል ወይስ ይነሣ የሚለውን ለመወሰን ይሰበሰባሉ፤ እርስዎም በስልክ እንዲገኙ ጠይቀዋል።

የወንድምዎ ልጅ፣ ሩት