የቡ ዝም ያለችበት ጠዋት

ለተከበሩ ዶክተር ወንድወሰን
የአዌቱ ማዶ ኮሌጅ የአንትሮፖሎጂ ትምህርት ክፍል ኃላፊ
ጂማ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ የየቡ ሰዎች፣ ጉልበትና ዓይን አልታዘዝ ካለን ከአንዳንዶቻችን በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። ዝናቡ በጊዜ መጥቶልናል፣ ቡናውም አበባውን ጥሎ ፍሬ ይዟል። ይህን ሁሉ በደብዳቤ የምነግርዎ ባለፈው ወር ወደ መንደራችን ብቅ ባሉ ጊዜ ሰላምታ ለመለዋወጥ ፋታ እንዳልነበረዎ ስለሰማሁ ነው።

ሀብተጊዮርጊስ ሣህሉ እባላለሁ። አባቴ ለፍርድ ቤት ጸሐፊነት ተመድበው ከሸዋ የመጡ ሰው ነበሩ፤ እኔ ግን እዚሁ የቡ ተወልጄ፣ ሜዳ ላይ በኦሮምኛ ተጣልቼ ቤት ውስጥ በአማርኛ ተቀጥቼ ያደግሁ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስሜን ላያውቁት ይችላሉ፤ ነገር ግን በየዓመቱ ስለ እኔ ያስተምራሉ። በ1962 ዓ.ም. አንድ የውጭ አገር ምሁር ዘጠኝ ሳምንት አብሮን ከርሞ ስለ ቡና ለቃሚዎቻችን መጽሐፍ ጽፏል። ተማሪዎችዎ የፎቶ ኮፒውን ፎቶ ኮፒ ይዘው የሚያጠኑት ይህንኑ መጽሐፍ ነው። በምስጋናው ገጽ ላይ «ታማኙ አስተርጓሚዬ ሀ.» ተብሎ የተመሰገነው የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት እኔ ነኝ። አሁን ሰባ ሁለት ዓመት ሞልቶኛል፤ መጽሐፉ ግን ከእኔ ይልቅ እርጅናን ተቋቁሟል።

ክቡርነትዎን ላስቸግር የተነሣሁት በምዕራፍ አምስት ምክንያት ነው። ምዕራፉ እንደሚለው የየቡ ወንዶች የቡና ለቀማ በሚጀመርበት ጠዋት ዋንዛው ሥር ተቀምጠው፣ ፀሐይ እስክትወጣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ፣ ከቡናው መንፈስ ጋር በልባቸው ይነጋገራሉ። ይህ «የዝምታ ሥርዓት» ይባላል፤ በፈተናዎ ላይም አሥር ነጥብ ይይዛል። ቅሬታዎቼን እንደ ጡረተኛ መምህር ልማድ በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ያ ጠዋት በዓመት ውስጥ ካሉት ጠዋቶች ሁሉ ጫጫታ የሚበዛበት ነው። ዋንዛው ሥር የሚሰበሰቡት ደቦ ለመማከር ነው፤ ማን የማንን ቡና አስቀድሞ ይልቀም በሚለው ላይ ሰው ይሟገታል፣ ይሳለቃል፣ ይማማላል። በዚያ ዓመት ግን ምሁሩ የቤትና የግቢ ካርታ ለመሥራት ረጅም የጨርቅ ሜትር ይዞ፣ አንዱን ጫፍ ለእኔ አስይዞ፣ በመካከላቸው ደረሰ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጎረቤት መንደር እንዲሁ ጠዋት የመጣ ሰው ቀላድ ጥሎ ለክቶ፣ መሬቱ በሌላ ሰው ስም ተጽፎ አድሮ ነበር። ዋንዛው ሥር የተቀመጡት ሰባት ሰዎች ሜትሩን ሲያዩ ጭጭ አሉ። ምሁሩ ለምን እንደማይናገሩ ጠየቀኝ። እናቴ ያበላችውን እንግዳ፣ ስንት ባሕር ተሻግሮ የመጣን ሰው፣ «መሬት ነጣቂ መስለሃቸው ፈርተውህ ነው» ብዬ ላሳፍረው? አንገቴን ደፍቼ «ልማዳቸው ነው» አልሁት። ከእነዚህ ሁለት ቃላት ሠላሳ አንድ ገጽ አወጣ። ችሎታውን አደንቃለሁ፤ ነፍሱንም ይማረው።

፪. ልያ ቃለሕይወት የተባለችውን ተማሪዎን ያስታውሷት እንደሆነ አላውቅም፤ ዜሮ የሰጧት ናት። ወላጆቿ ከከምባታ መጥተው እዚህ የቡና መፈልፈያ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ እሷንም ሦስተኛ ክፍል ሳለች አስተምሬያታለሁ። የእናንተ ኮርስ ከሰው ጋር ኑሩ፣ አብራችሁ ሥሩ፣ ከመጻፋችሁ በፊት ስሙ ይላል አሉ። ልጅት የተባለችውን አምና ተቀብላ፣ ለመመረቂያ ጽሑፏ አራት ወር ከለቃሚዎች ጋር ለቀመች፣ ሁለት ጊዜ የደቦ ምክክር ላይ ተገኘች፣ ጆሮዋ እስኪደነቁር ሰማች። ከዚያም ወደ እኔ መጥታ ስለ ምዕራፍ አምስት ጠየቀችኝ። በሃምሳ ምናምን ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው እርሷ ብቻ ነበረች፤ እውነቱን ነገርኋት። የትምህርት ክፍልዎ ለጽሑፏ የሰጠው መልስ እጄ ላይ አለ፦ «የጠቀሱት አዛውንት በመስኩ ጽሑፎች ውስጥ ስለማይታወቁ መረጃው ተቀባይነት የለውም።» ስለ መልስዎ እጅግ አመሰግናለሁ። የተናገርሁት ውሸት መጽሐፍ ሆኖ በመደርደሪያ ሲከበር፣ የተናገርሁት እውነት ምንጭ የለውም ተባለ። አበው እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ያሉት ትምህርት ክፍል ከመቋቋሙ በፊት ይመስለኛል።

፫. ልያ በመከራከሯ ምክንያት ክቡርነትዎ ራስዎ ነገሩን ለማጣራት ድካም መውሰድዎን ሳላመሰግን አላልፍም። በግንቦት አጋማሽ፣ እኔ ለለቅሶ ሰርቦ በሄድሁበት ቀን፣ በነጭ መኪና፣ ከቀበሌ ሰው ጋር፣ ከሳተላይት ጋር የሚነጋገር መለኪያ በእጅዎ ይዘው መጡ። ሽማግሌዎቹም ዋንዛው ሥር ተጠርተው ስለ ዝምታው ሥርዓት ተጠየቁ። አንድም ሰው አልመለሰም። እርስዎም «ሥርዓቱ ዛሬም ሕያው ነው» ብለው መዝግበው፣ ያንኑ በልያ ላይ ማስረጃ አድርገው አቀረቡት። በ1962 ከተቀመጡት ሰባት ሰዎች በሕይወት የቀረውና በዚያም ቀን ከተጠሩት አንዱ የነበረው ቲጃኒ አባ መጫ፣ ለምን ዝም እንዳለ ስጠይቀው የመለሰልኝን ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ፦ «ወላሂ ሀብቴ፣ ያቺን ነገር ወደ ሰማይ ሲያነሳት፣ ያ ረቢ፣ መሬታችን ሄደች ብዬ ነዋ! ያኔ ከጎኔ የተቀመጠው አባቴም ዝም ያለው ለዚሁ ነበር፤ ምን ልናገር?» ከዚህ የተሻለ የግርጌ ማስታወሻ ከየት ይገኛል?

፬. ይህ ቅሬታ ሳይሆን ኑዛዜ ነው። ልጅቷ እስከ ሰኔ ሃያ ድረስ ጽሑፏን «ከቀዳሚው ሥራ ጋር አስማምታ» እንድታቀርብ፣ ካልሆነ ዓመቱን እንድትደግም ተነግሯታል። አስማምታ ማለት ያን የእኔን ሁለት ቃል በገዛ እጇ ደግማ ትጻፍ ማለት ነው። እናቷ የቤተ ክርስቲያናቸውን ኅብረት ሁሉ ለምረቃው ጠርታለች፤ አባቷ ጋውን የለበሰች ልጁን ፎቶ የሚሰቅልበትን ሚስማር ከወዲሁ ግድግዳ ላይ መትቷል። ባለፈው እሑድ ቤቴ መጥታ ምን ላድርግ አለችኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት «ያላያችሁትን አትጻፉ» ስል የኖርሁ ሰው ሁለቱን መንገድ በልቤ እመዝን ጀመር። ተመረቂ ብላት ውሸቴን አወርሳታለሁ፤ አትጻፊ ብላት ሚስማሩ ባዶውን ይቀራል። እርሷ ግን መልሱን ይዛ ነበር የመጣችው፤ አልጽፍም ብላለች። በዚያች ቀን በራሴ አፈርሁ፣ በእርሷ ኮራሁ፣ በእርስዎ ደግሞ ተናደድሁ፤ ሦስቱንም ከነገርሁዎ በኋላ ወደ ጨዋነቴ እመለሳለሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ መቀጣት ያለበት ሰው ካለ አድራሻውን አግኝተውታል። ለዜሮው ባለቤት ልሁንለት፤ እኔ ሠርቼዋለሁና ለእኔ ይገባል። ፈቃድዎ ከሆነም በኮሌጅዎ ለተማሪዎች ቀርቤ፣ ያን ጠዋት የሜትሩን ጫፍ ይዤ ምን እንዳየሁና ምን ብዬ እንዳስተረጎምሁ በሕይወት ሳለሁ እመሰክራለሁ። ከሞትሁ በኋላ እንደምታምኑኝ አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ የልያ ቀነ ገደብ ከእኔ ሞት ሊቀድም ይችላል።

ስላስተማሩን፣ ከራሳችን ይልቅ ስላወቁንና፣ ያላደረግነውን ባህላችንን ስለጠበቁልን ውለታዎን የምመልስበት አቅም የሌለኝ፣ ረጅም ዕድሜና ብዙ ገጽ የምመኝልዎ፣

አክባሪዎ፣
ሀብተጊዮርጊስ ሣህሉ፣ «ታማኙ አስተርጓሚ»
የቡ፣ ሰኔ ፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ፈርሜ ሳልልከው ከትምህርት ክፍልዎ ጥሪ ደረሰን። ከምረቃው ሳምንት በአንዱ ቀን ከሩቅ ለሚመጡ እንግዶች ሰባት ሽማግሌዎች በኮሌጁ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የዝምታውን ሥርዓት እንዲያሳዩ ተጠይቀዋል። ቲጃኒ ስለ ሁሉም ሆኖ ደስ ብሎን እንመጣለን ብሏል፤ ልያም ጎናቸው ቆማ የሚሉትን ሁሉ እንዳለ ታስተረጉማለች። ሽማግሌዎቹ በትሕትና የሚያሳስቡት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አደራ፣ መለኪያዎን ይዘው ይምጡ። ያለ እርሱ ዝም ማለት አይሆንልንም ብለዋል።