ጧፍ የለመደ እጅ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣ ለአባባ ተስፋሚካኤል፤

እንደምን ሰነበቱ አባባ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ያ የክረምት ሳል ለቀቀዎት ወይ? የዓይንዎን ነገር አልጠይቅም፤ ጠይቄ የምሰማውን ስለማውቀው ነው። ጆሮዎ ግን ዛሬም የንቡን ድምፅ ከሩቅ እንደሚለይ ዘውዲ ነግራኛለችና ደስ ብሎኛል። ከቀፎዎቹ ስንቱ ቀረ? ዘንድሮስ አበባው እንዴት ነው? እኛ፣ እኔና ባለቤቴ ወልደአማኑኤል፣ የልጅ ልጅዎ ብሥራትም ጭምር፣ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በሬዲዮ የሰማችሁት እሳት እውነት ነው። ከሜልቦርን ወዲያ ያለው ደን ተቃጥሎ ብዙ ሰው አልቋል፤ ነፍስ ይማር። እኛ ያለንበት ዌሪቢ በሌላው ወገን፣ ሜዳ ላይ ስለሆነ አልደረሰብንም። ነፋሱ ሲዞር የጭሱ ሽታ ብቻ ይመጣል። አትስጉ።

ይህን ደብዳቤ እንደ ልማዷ የምታነብልዎ እህቴ ዘውዲ ናት። ዘውዲዬ፣ «ይኼ አባባን ያስቆጣል» ብለሽ መስመር እንዳትዘዪ። የብሥራትን ፀጉር በላክሁት ፎቶ አይተሽ ስትነግሪያቸው ያልራራ ምላስ አሁንም አይራራ።

የገና ዕለት በስልክ ያሉኝ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም፣ አባባ። «ያ ልጅ ፀጉሩን ሳይላጭ ደጄን እንዳይረግጥ» አሉኝ። እሺም እምቢም ሳልል ካርዱ አለቀ ብዬ ዘጋሁ። ካርዱ አላለቀም ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ። ለፋሲካ ልንመጣ ቲኬት ቡክ ካደረግን ሁለት ወር አልፎናል። ከቤትዎ ከወጣሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ቆይቼ፣ ልጄን ደጅ አቁሜ ብቻዬን መግባት አልችልም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላጫውትዎትና ከዚያ ይፍረዱ። ፀጉሩን ያሳደገው እሱ ነው፤ የገመድኩት ግን እኔ ነኝ። ይህን ዘውዲም አታውቅም።

ኅዳር ላይ ነው። ብሥራት ከከተማ አንዲት ክብ ቆርቆሮ ይዞ መጣ። እዚህ አገር ወጣቶች ፀጉራቸውን እንደ ገመድ ያሠሩታል፤ ድሬድ ይሉታል። ሲጀመር እንዳይፈታ ዋክስ ይቀባል አለኝ። ዋክስ ማለት ሰም ነው፤ ልጄ የሚመልስልኝ በእንግሊዝኛ ነው። ቆርቆሮው ላይ ንብ ተሥላለች። ንቧን ሳይ ልቤ ዘለለ። ከፍቼ ባሸተው የቫዝሊንና የሽቶ ሽታ ነው፤ ንብ በዚያ በኩል አላለፈችም። «ይኼ ሰም አይደለም» አልኩት። ትክ ብሎ አየኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ እናቱ የምታውቀው ነገር አለ ብሎ ያሰበ አይመስለኝም።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ልከለክለው ነበር። ሰም የሚለው ቃል ባይመጣ ኖሮ እከለክለው ነበር። ቅዳሜ ገበያ ላይ ማር የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አሉ፤ ከእሳቸው ዘንድ መዳፍ የሚያህል ንጹሕ ሰም ገዛሁ። በትንሽ ድስት አድርጌ የፈላ ውሃ ላይ አስቀመጥኩት። እንዳይደርቅብኝም ዘይት ጠብ አደረግሁበት። ሰሙ መቅለጥ ሲጀምር ያ ሽታ ወጣ። ከዚያ በኋላ የት እንደነበርኩ አላውቅም፣ አባባ። የዌሪቢው ኩሽና ጠፋ። ከጓዳው ወራጅ ላይ የተንጠለጠለው ፈትል መጣ፤ በቀዳዳው የሚገባው ቀጭን ብርሃን መጣ፤ እርስዎም መጡ፣ ፈትሉን በሰም ነክረው በሁለት መዳፍዎ መሐል ሲያሹት። «ቀስ በዪ፣ ጽገሬዳ፤ ሰሙን አታስለቅሺው» ይሉኝ ነበር። ሰም ሲበዛ ጧፉ እየተንጠባጠበ ያልቃል፤ ያንን ነው ማልቀስ የሚሉት። እኔ ግን ትንሽ ልጅ ስለነበርኩ ሰም የምር የሚያለቅስ ይመስለኝ ነበር።

እጄ ሳልነግረው ሥራውን ጀመረ። ብሥራት በበረንዳው ደረጃ ላይ፣ እግሮቼ መሐል ተቀመጠ። ፀጉሩን እየከፈልኩ፣ ሰም እየነካሁ፣ ልክ እንደ ፈትሉ በመዳፎቼ አሸሁት። ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን። ሠላሳ ስምንት ዘለላ ወጣው። ወልደአማኑኤል ታክሲውን አቁሞ ሲገባ ሽታው ተቀበለውና፣ ቤታችን ቤተ ልሔም ሆነ እንዴ፣ ቄሱስ የት አሉ ብሎ አሾፈብን።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህ ልጅ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ጉርምስናው ከመጣ ወዲህ ራሱን አስነክቶኝ አያውቅም። በእነዚያ ቅዳሜዎች ግን ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ቀስ እያለች ስትወርድ፣ ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ ጥሎ እንቅልፍ ይወስደው ነበር። ትንፋሹ እንደ ሕፃንነቱ ነው። እኔም ነቅቼ አልም ነበር። ስለዚህ ሥራው ካለቀ በኋላም፣ ይኼኛው ላላ፣ ያኛው ተፈታ እያልኩ በየሳምንቱ ሰም ጨመርኩበት። ለፀጉሩ ብዬ አይደለም።

ጎረቤታችን ፈጡማ የወሎ ሰው ናት፤ በሹሩባ ሥራዋ የታወቀች። አንድ ቀን አየችንና «አንቺ ሴት፣ የልጁን ራስ ልታበሪው ነው እንዴ?» አለችኝ። ሰም ፀጉርን ይሸፍነዋል እንጂ አይቋጥረውም፤ እየታጠበ እየደረቀ ራሱ ይያያዛል፤ ተዪው ብላ መከረችኝ። ነገሩ ገብቶኛል፤ እጄ ግን አልተወም። ምክር እምቢ ያለን መከራ ይመክረዋል ይባል የለ?

የአስተርእዮ ማርያም ዕለት ሙቀቱ አርባ አራት ገባ። የባቡሩ ሐዲድ እንኳ በፀሐይ ጎበጠ። ብሥራት ከከተማ ሲመለስ አንድ ጣቢያ ሲቀረው ባቡሩ ቆመና በእግሩ መጣ። በሩን ስከፍት ዘይት ያለሰለሰው ሰም በግንባሩና በማጅራቱ ቁልቁል ይወርዳል። አቧራው፣ የሣሩ ብናኝ፣ የሸሚዙ ክር ሁሉ ተለጥፎበታል። አስለቀስኩት፣ አባባ። ልጁም ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጥንና በሙቅ ውሃና በዘይት፣ ዘለላ በዘለላ፣ ሰሙን ማውጣት ያዝኩ። አራቱ ከአቧራው ጋር ተጋግረው እንደ ድንጋይ ስለደረቁ ቆረጥኳቸው። ሌሎቹ ግን ሰሙ ሲለቃቸው፣ ፈጡማ እንዳለችው፣ ውስጥ ለውስጥ ተያይዘው ተገኙ። የእኔ ሰም ምናልባት አዘገያቸው እንጂ ምንም አልጠቀማቸውም። ይህን ሥራ የት ተማርሽው ብሎ የጠየቀኝ ያን ጊዜ ነው። ጧፍ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ቤተ ክርስቲያን ያበራል። ግን ሰው በእጁ የሚሠራው አይመስለውም ነበር። አያትህ አርባ ዓመት ለጊዮርጊስ ጧፍ ሠርተዋል፤ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ እንኳ ቀጭኑን ከወፍራሙ በጣታቸው ይለያሉ አልኩት።  ከዚያ በአማርኛ «አያቴ ስለ ፀጉሬ ያውቃሉ?» አለኝ። ያውቃል አላለም፤ ያውቃሉ አለ። ይህን ማን እንዳስተማረው አላውቅም።

መዋሸት አቃተኝ። ያሉትን ቃል ነገርኩት። መቀሱን ከወለሉ ላይ አንሥቶ እጄ ላይ አስቀመጠና፣ እሳቸው ካሉ ቁረጪው አለኝ። ልጁ እሺ ብሏል፣ አባባ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። መቀሱን ይዤ ቀረሁ። ከአገር ስወጣ አልተሰናበትኩዎትም፤ ምርቃትዎንም አልተቀበልኩም። ከእርስዎ ይዤ የወጣሁት እጄ የለመደውን ብቻ ነው፤ እሱም እዚያ ራስ ላይ ነበር።

በየዓመቱ ለጾሙ ከገዳም የሚመጡት ባህታዊ ትዝ ይሉዎታል? ፀጉራቸው ተገምዶ ወገባቸው ይደርስ ነበር። እርስዎ ጎንበስ ብለው ተሳልመው ጧፍ ይሰጧቸው ነበር። «እሳቸው ለጽድቅ ነው፣ ያንቺው ለጌጥ ነው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ልክ ነዎት፤ ለጌጥ ነው። ልጄ ባህታዊ ነው ብዬ አልዋሽዎትም፤ ባህታዊ በቀን አራት ጊዜ አይበላም።

ከዚያ ቀን ወዲህ፣ በምሠራበት እርሻ ሰላጣውን ስደረድር፣ ባቡር ውስጥም ስቀመጥ፣ ከፊቴ የማይጠፋ ነገር አለ። እርስዎ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ እሱ ከእግርዎ ሥር ነው፤ እጅዎ ራሱ ላይ ነው።  እዚያ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ የምወርድበት ጣቢያ ያልፈኛል።

ስለዚህ ቃልዎን እንዲያነሡልኝ አልለምንዎትም፤ እንዲዳስሱልኝ ነው የምለምነው። ከቆረጥኳቸው ከአራቱ አንዱን እዚህ ፖስታ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ፀጉር መላክ መተት ነው የሚል እንዳለ አውቃለሁ፤ ዘውዲ ፊቷን ስታጨማድድ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ዓይንዎ እኔንም እሱንም አያየንምና ፍርዱን ለእጅዎ ይተዉት። እጅዎ ይላጭ ካለ፣ ጾሙ ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል፣ ከፋሲካ በፊት ራሴ እላጨዋለሁ። ብሥራት አይቀየምም። እኔ ግን አለቅሳለሁ፤ አልደብቅዎትም።

ለዘውዲ ባለቤት ለወንድሜ ለብርሀነ እጅግ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቡልኝ፤ የወገቡን ሕመም እንዲጠነቀቅ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሙልኝ፤ ትንሿን ሁለት ጊዜ። ለጎረቤት ለእትዬ ትብለጽም ስሟን አልረሳሁም በሉልኝ። ወልደአማኑኤል ጉልበትዎን ይስማል። ብሥራት «ሰላም ነዎት አያቴ» ብሏል፤ ቃሉ የራሱ ነው፣ እኔ አላቀናሁለትም። ንቦቹንም ሰላም በሉልኝ። እኔ በሩቅ ሆኜ እግርዎን ስሜያለሁ።

ልጅዎ ጽገሬዳ ተስፋሚካኤል

ዘውዲዬ፣ ይህችን ጮክ ብለሽ አታንብቢያት። ዘለላውን መዳፋቸው ላይ አስቀምጪላቸውና ምንም ሳትናገሪ እጃቸውን ብቻ እዪ። በሁለት መዳፋቸው ማሸት ከጀመሩ አንድ ሚስኮል አድርጊልኝ። እኔ ይገባኛል።

ዌሪቢ፣ ሜልቦርን
የካቲት 8 ቀን 2001 ዓ.ም.