ጊዮርጊስ ላይ አልወረድክም

አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ አዲሱ ገበያ
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለአባ ተክለ ሃይማኖት፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። «አባ» ብዬ ጽፌ መልሼ «አንተ» ማለቴን ገዳምህ እንዳይቀየመኝ። በእርስዎ ልጽፍልህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ የማላውቀው ሰው ፊት የቆምኩ መሰለኝና ወረቀቱን ቀደድኩት። አባትህ ነኝ፣ እንደለመድኩት ልጻፍ።

ይህ ደብዳቤ እጅህ ከመግባቱ በፊት አበምኔቱ አስቀምጠው መርዶውን ይነግሩሃል። ከጎረቤታችን ከሐመልማል ጋር የተስማማነው እንደዚያ ነው። እሷ ለገዳምህ ንግሥ ስትመጣ፣ መንገዱ ክፍት ሆኖ በሰላም ከደረሰች፣ መጀመሪያ እሳቸውን ታገኛለች፤ ደብዳቤውን ከዚያ በኋላ ትሰጥሃለች። ወጉ ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ በርህን ማንኳኳት ነበር፤ እዚያ ድረስ የሚሄድልኝ ሰው አላገኘሁም። እናትህ ብርሃኔ ሐምሌ 22 ቀን አረፈች። ልቧ ነው ብለውናል። ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኛች፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሻይ አምጣልኝ አለችኝ፣ ይዤ ስመለስ አልጠበቀችኝም። አርባዋም ሰማንያዋም ወጥቷል። በአቅማችን ጸሎቱም ዝክሩም አልጎደለባትም።

እኔ አላለቀስኩም። ለቀስተኛው «ጠንካራ ነው» እያለ ተመለሰ። ጥንካሬ አይደለም። ጥርስ ሊነቅሉህ መርፌ ሲወጉህ ድድህ እንደሚደነዝዘው ነው የሆንኩት። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሰው ሰላም ሲለኝ እመልሳለሁ። አንዳንዴ ይህ ነገር ራሱ ያስፈራኛል።

የምጽፍልህ ግን ለመርዶው ብቻ አይደለም። ሰፈሩ ለልማት ይነሣል። የአውቶቡስ መነሻው ቀድሞ ተነሥቷል፤ አሁን ተራው ከመነሻው ግንብ ጀርባ ያለነው የቀበሌ ቤቶች ነው። ምትክ ቤት ከቃሊቲ አልፎ ይሰጡናል። ጽሕፈት ቤት የምታስተናግደኝ ልጅ ትሕትና ትባላለች፣ እንደ ስሟ ናት። ትናንት የቤተሰባችንን ቅጽ አውጥታ አየችና፣

«አባባ፣ እዚህ ላይ ሦስት ሰው ነው የሚለው» አለችኝ።

«ሦስት ነበርን።»

«እማማ ማረፋቸውን ሰምቻለሁ፣ ነፍስ ይማር። እ... ማለቴ፣ ልጅዎስ? እዚህ ነው የሚኖረው?»

«ገዳም ነው። መንኩሷል። ከሄደ አሥራ አንድ ዓመቱ።»

«ይመለሳሉ?»

ቅጹ ላይ ስምህን አየሁት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እኔ እርስዎ የነገሩኝን ነው የምሞላው። አብረን ነን ካሉኝ ሁለት ሰው ብዬ እጽፋለሁ፣ ባለ አንድ መኝታ ይደርስዎታል። ብቻዬን ነኝ ካሉኝ ስቱዲዮ ነው፣ የልጅዎም ስም ከቅጹ ይወጣል። በቃ፣ እስከ ዓርብ ያስቡበት አባባ።»

ቤቱ ቢጠብም ቢሰፋም ግድ የለኝም። ስምህን ማስወጣት ግን ሌላ ነገር ነው። እናትህ መታወቂያ ባሳደስን ቁጥር ያንን ቅጽ አስወጥታ ስምህ መኖሩን ሳታይ ከቢሮው አትወጣም ነበር። እና ዓርብ ከመድረሱ በፊት፣ ለእሷ ሳልነግራት የቀረሁትን፣ ለአንተም የደበቅኩህን ነገር ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። ከጻፍኩት በኋላ ለልጅቷ ምን እንደምመልስላት ይገባኝ ይሆናል ብዬ ነው።

ከጽሕፈት ቤቱ ስመለስ የመነሻውን አጥር ዞርኩት። ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጥሯል። በቀዳዳ ሳይ የቶለሳ ዳስ የነበረበት ላይ አሸዋ ተከምሯል። ስምሪት ይዞ ፊሽካ የሚነፋውን ቶለሳን መቼም አትረሳውም። አንድ ደቂቃ ከዘገየን «ይገዙ፣ ተሳፋሪ ነው የምትጠብቀው ወይስ ሚስትህን?» ብሎ ሰው ፊት የሚያሳፍረኝ። ሚስቴን ከኋላ በር ትኬት መቁረጫዋ ውስጥ ተቀምጣ እያየ እኮ ነው! ከዚያ ግቢ አንዱ ወደ ለገሀር፣ አንዱ ወደ ስድስት ኪሎ ይወጣል። እኔ የምነዳት የእኛዋ አውቶቡስ ሰሜን ማዘጋጃን፣ ሰሜን ሆቴልን፣ ጊዮርጊስን አልፋ አውቶቡስ ተራ ትጨርሳለች። ቁጥሯን አልጽፍልህም፣ ፊደል ሳትቆጥር የለየኸው እሱን ነው።

የመጀመሪያው ዙር ተሳፋሪ ሁልጊዜ ያው ነበር። ዳቦ የሚያከፋፍሉት፣ አዳር ሠርተው የሚመለሱት ዘበኞች፣ ከሽሮ ሜዳ ወርደው ጋቢያቸውን በጆንያ ጠቅልለው ወደ መርካቶ የሚሄዱት ሸማኔዎች። ሸማኔዎቹ ገና ሳንነሣ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ እናትህ ማን የት እንደሚወርድ ስለምታውቅ ከኋላ ሆና በስማቸው ትቀሰቅሳቸዋለች። ደወሉ ከተበላሸ በኋላ ለእኔ ምልክት የምትሰጠኝ በሳንቲም የመቀመጫዋን ብረት እየመታች ነበር። አንድ ጊዜ ከመታች አቁም፣ ሁለት ጊዜ ከመታች ሂድ። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ አውቶቡስ ስንሠራ ቀኑን ሙሉ ፊቷን አላይም፤ ድምፁን ብቻ ሰምቼ ደስ ብሏት እንደሆነ፣ ተናዳ እንደሆነ አውቃለሁ። በመስታወት ላያት ስሞክር መሃላችን የቆመው ሰው ይጋርደኛል።

ያን ቀን ጠዋትም እንደዚያው ነበር። ሚያዝያ 2007። «ጊዮርጊስ ኪዳን አደርስና ከዚያው ወደ ዩኒቨርሲቲ እሄዳለሁ» ብለህ ከእኛ ጋር አብረህ ከቤት ወጣህ። እናትህ ለልጇም ቢሆን በነፃ አታሳፍርም፤ ከሰው ጋር ተሰልፈህ ትኬት ቆረጥክ። ሰልፉ ረጅም ስለነበር ጎንበስ እንዳለች ቆርጣ ሰጠችህ። እኔ በመስታወቱ አየሁህ። ጃኬትህ ሥር ነጠላ ለብሰህ ነበር። ሻንጣ አልያዝክም፤ የያዝከው አንድ የጨርቅ ቦርሳ ነው። በሁዳዴው ሱባዔ ገብተህ ከዚያ ገዳም ከተመለስክ ወዲህ ሐሳብህ እዚያ እንደቀረ ነቅቼብህ ነበር፣ ለእናትህ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ጊዮርጊስ ስንደርስ እናትህ ብረቱን አንዴ መታች። ቆምኩ። ሰው ወረደ፣ አንተ አልወረድክም። ወደ ፊት ተጠጋህና ከወንበሬ ጀርባ ቆምክ። ሁለት ጊዜ መታች። ሄድኩ። እሷ የወረድክ መስሏታል።

አውቶቡስ ተራ ድረስ እዚያው ቆመህ ሄድክ። ስንደርስ ጎንበስ ብለህ ትከሻዬን ሳምክና «አባዬ፣ እማዬን አደራ» አልከኝ። አደራ የሚል ልጅ የት እንደሚሄድ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የበሩ ቁልፍ ያለው እኔ እጅ ላይ ነው። አለመጫን እችል ነበር። ዞሬ ብርሃኔን መጥራት እችል ነበር። በሩን ከፈትኩት። «ደህና ዋል» አልኩህ፣ ለማንኛውም ተሳፋሪ እንደምለው።

ታስታውስ እንደሆነ ወደ ጎጃም የሚሄደው አገር አቋራጭ ከአውቶቡስ ተራ ተነሥቶ መልሶ በአዲሱ ገበያ በኩል ነበር የሚወጣው። ለሁለተኛው ዙር ቶለሳ ጋ ቆመን ሳለ አጠገባችን አለፈ። እናትህ ሻይ ይዛ ከሴቶቹ ጋር ትስቅ ነበር፣ ቀና ብላ አላየችም። እኔ ዳገቱን እስኪጨርስ ድረስ አየሁት። ከዚያ ቶለሳ ነፋና ወንበሬ ላይ ወጣሁ።

ማታ አልመጣህም። በሦስተኛው ቀን ከገዳሙ ሰው ላክህብን። እናትህ «የት ነው የወረደው? አይተኸዋል?» አለችኝ። «አላየሁም» አልኳት። የመጀመሪያ ቀን «አላየሁም» ካልኩ በኋላ በሁለተኛው ቀን «አይቻለሁ» ማለት አቃተኝ፤ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ጭራሽ የማይቻል ሆነ። እሷ ጥፋቱን ለራሷ ወሰደችው። «ቀና ብዬ ፊቱን ባየው ኖሮ አውቅ ነበር፣ ትኬት ቆርጬ የሸኘሁት እኔ ነኝ» ትላለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አይዞሽ እላታለሁ። ሁለት ወር ሳይሞላት ሌላ መስመር ላይ መድቡኝ ብላ አመለከተች። አዲሱ መስመር ላይ የተሳፋሪውን ሁሉ ፊት ቀና እያለች ማየት ጀመረች። ሰልፉ ይጓተታል፣ ሰው ያማርራል፤ «እትዬ፣ ትኬት ነው የምንቆርጠው ወይስ ፎቶ ነው የምንነሣው?» ይሏታል። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ይህን አልተወችም።

ሆስፒታል የመጨረሻው ቀን ጠዋት እንደገና ጠየቀችኝ። «ይገዙ፣ እውነቱን ንገረኝ። ጊዮርጊስ ላይ ነው የወረደው?»

«አዎ... አዎ፣ ጊዮርጊስ ላይ ነው የወረደው፣ አይቼዋለሁ» አልኳት።

«እንግዲያው ተሳልሞ ነው የሄደው» አለች። ፊቷ ፈታ አለ። ሻዩን የጠየቀችኝ ከዚያ በኋላ ነው።

አፍራለሁ ልጄ። የሚሰማኝ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ለአንተም ያለብኝን ልንገርህ። በላክህልን የመጀመሪያ ደብዳቤ፣ ለእኔ ብቻ በተጣጠፈችው ቁራጭ ላይ፣ «በሩን ስለከፈትክልኝ የአባቴን ፈቃድ ይዤ መጥቻለሁ፣ ዘወትር እጸልይልሃለሁ» ብለህ ጽፈህ ነበር። ቁራጯን ደበቅኳት፣ አንተንም እንዳሰብከው ተውኩህ። ነገር ግን ፈቅጄልህ አልነበረም። አልከለከልኩህምም። ከኋላህ ያለው ሰው «በር! በር!» እያለ ይጮህ ነበር፣ አውቶቡስ ተራ ደግሞ መጨረሻው ነው፣ መጨረሻው ላይ በር ይከፈታል። እጄ የለመደውን አደረገ። ብዙ ጊዜ አሰላስዬዋለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘሁበትም። ፈቃድ ይዤ ወጣሁ ብለህ አሥራ አንድ ዓመት የጸለይክልኝ ለዚህ ነው። መነኩሴ ነህና ይቅር በለኝ። በልጅነትህ ካቃተህ በምንኩስናህ በለኝ።

አሁን ስጽፈው መልሱ ገባኝ። ዓርብ ለትሕትና «ብቻዬን ነኝ» እላታለሁ። ስምህ ከቅጹ ይወጣል። ተቀይሜህ አይደለም፤ አንድ ውሸት እናትህን አሥር ዓመት በላት፣ ሌላ ጨምሬበት መኝታ ቤት አልቀበልም። ያኔ ያልሰጠሁህን ፈቃድ ዛሬ ሰጥቼሃለሁ። ሂድ ልጄ። በዚህኛው ፈቃድ ላይ እጄ ብቻ ሳይሆን ልቤም አለበት።

ለእናትህ ጸልይላት። ስመ ክርስትናዋ ወለተ ገብርኤል ነው፤ ብታውቀውም ልጻፈው። ሐመልማል የያዘችልህን ጋቢ እናትህ ናት ያሠራችው፣ ብርዱን ትፈራልህ ነበር። መመረቅ የአባት ነበር፣ ከአንተ ጋር ግን ማን ማንን እንደሚመርቅ ግራ ገብቶኛል። እኔ ጾምህን ጸሎትህን ይቀበልልህ፣ ጉልበትህን ያጽናልህ እላለሁ፤ አንተም ለእኔ የሚሆነውን በልልኝ።

አባትህ
ይገዙ

ከፈረምኩ በኋላ የጨመርኩት፦ ዛሬ ከሰዓት ቤቶቹን ሄጄ አይቻቸው ነበር። ገዳሙ ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ ሰው የሚልክበት ጊዜ አይጠፋም፣ ማን እንደሚላክ ደግሞ አይታወቅምና መንገዱን ልጻፈው። አዲሱ ገበያ እንዳትወርድ፣ እዚህ የሚቀበልህ የለም። አገር አቋራጩ እስከሚጨርስበት ሂድ። ከዚያ ወደ ቃሊቲ የሚለውን አውቶቡስ ጠይቀህ ተሳፈር፣ በግራ በኩል ተቀመጥ፣ ፀሐዩ አያገኝህም። ቃሊቲ ስትወርድ ሚኒባሶቹ ተሰልፈው ታገኛቸዋለህ፤ ወደ አዲሶቹ ኮንዶሚኒየሞች በላቸው። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ነው የምትወርደው፣ ሁሉም ስለሚወርድ አትሳሳትም። ግራውንድ እንዲሰጡኝ ለምኛቸዋለሁ፣ ደረጃ የለውም። ቀን ቀን ቤት ነኝ። ስቱዲዮዋ አንድ ክፍል ናት፤ በእርምጃ ለካኋት፣ ሁለት ፍራሽ ይዘረጋባታል።