ጋሽ ይመስላል

ይድረስ ለታላቅ እኅቴ፤

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽ እንዴት ነው፣ ያ ጎንበስ ስትይ የሚይዝሽ? እናታችንስ ዓይኗን ከታከመች ወዲህ መርፌ ላይ ክር ታስገባለች ወይስ አሁንም አንቺን ትጠራለች? ባለቤትሽ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን በር ላይ መጣሉን ተወ? ትንሹ ልጅሽስ፣ ያ ኩርፊያው በረደለት? እኔ አንድ ጥርሴ አልፎ አልፎ ከመጠዝጠዙ በቀር ደህና ነኝ። የናንተ ናፍቆት ግን ከጥርሱም ይብሳል። እኔ ዘንድ ያለችው ልጅሽ ደህና ናት፤ ትበላለች፣ ታጠናለች፣ ትከራከራለች። ከሦስቱ የበረታችው በክርክሩ ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ጎረቤቴ ሹፌሩ ነው፤ ነገ ወደናንተ ይነሳል። በስልክ ያልነገርኩሽ ስንነጋገር ልጅሽ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጆሮዋን ስለምታቆም ነው። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው፤ እናታችን ፊት አታንብቢው። “እንዳትደነግጪ” ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ነገር ግን እንድትደነግጪ እፈልጋለሁ።

ስለ ሥራዬ በጠየቅሽኝ ቁጥር አድበስብሼ አልፍሻለሁ፤ አንቺም ለጎረቤቱ “ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትልቅ ጸሐፊ ነው” እያልሽ ታወሪልኛለሽ አሉ። ትልቅም ጸሐፊም አይደለሁም። የምሠራበት ቦታ የጽሑፍ ማዕከል ይባላል፤ ስሙ ሲሰማ ሕንፃ ይመስላል እንጂ ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለ አንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ መሐሉ ላይ ረጅም ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ወንበሮች። ተማሪ የጀመረውን ጽሑፍ ይዞ ይመጣል። እኔ እስክሪብቶ አልይዝም፣ ደንባችን ነው። ራሱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ እሰማለሁ። ሲደናቀፍ “እዚህ ጋ ምን ልትል ፈልገህ ነው?” እለዋለሁ። በአፉ ይነግረኛል። “በል እሱኑ ጻፈው” እለዋለሁ። ለዚህ ደመወዝ መቀበሌ አንዳንዴ ራሴንም ያስቀኛል።

የሚገርምሽ ግን ለእርዳታ የመጣ ሰው ጽሑፉ ካለቀም በኋላ አይሄድም። ወንበሩን ሳብ አድርጎ የሚቀጥለውን ልጅ ይሰማል። ምግብ ቤት ብቻውን የሚበላው፣ አነጋገሩን የሚስቁበት፣ የቤቱ ናፍቆት የገደለው፣ ሁሉም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቦታ አለው፤ ከቀረም የት ገባ ተብሎ ሰው ይላክበታል። ባለፈው ዓመት አንዱ ታሞ ከመኝታው መነሳት ሲያቅተው ደርሰው ሐኪም ቤት የወሰዱት እነሱ ናቸው። ልጅሽ የመጣች ሰሞን የመጀመሪያ ጽሑፏን ስታነብ ድምጿ ከጉሮሮዋ አልወጣ ብሎ አንጀቴን በላችው። ዛሬ ለማዕከሉ አዲስ የሆኑትን በር ላይ ተቀብላ የምታስቀምጠው እሷ ናት። ንግግሯ አጭርና ቁርጥ ያለ ስለሆነ “አራት ነጥብ” ብለው ስም አወጡላት። አንድ ወሬ ጀምራ ሦስት ሌላ የምትቀጥለውን ጓደኛዋን ደግሞ “ነጠላ ሰረዝ” ይሏታል፤ ሁለቱ ከተገናኙ አይለያዩም።

እኔንም አልማሩኝም። ስሜ “ጋሽ ይመስላል” ነው። ተማሪ ያላጣራውን ነገር በድፍረት ሲጽፍ “በምን አወቅክ? ይመስላል በል” ማለት ስለማበዛ ነው። በዚህ ስም ስንት ጊዜ አብሬያቸው ስቄያለሁ። አሁን ሲጠሩኝ ግን አልስቅም።

ከክፍላችን በላይ መጋዘን አለ። የስንት ዘመን የመመረቂያ ጽሑፍ ተጠርዞ እስከ ላይ ተከምሮበታል፤ የሚያነበውም የሚጥለውም የለም። ባለፈው የዝናብ ጊዜ እዚያ ቧንቧ ፈነዳና ክምሩ ውሃ ጠጣ። የራሰ ብርድ ልብስ ከገመድ ያወረደ ሰው ክብደቱን ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ በሩ አልገጥም አለ። አናጢ ጠርተን አስላግነው፤ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ከላይ ያዘ። ጠዋት ስንገባ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ብናኝ እናገኛለን፤ ጠርገን እንቀመጣለን። እስክሪብቶ ካስቀመጥሽ ወደ መስኮቱ ይንከባለላል። ልጆቹ “ክፍል ረፈደበት” እያሉ ይስቃሉ። ኋላ ከመስኮቱ በላይ ስንጥቅ ታየ፤ መጀመሪያ ፀጉር የምታህል፣ በኋላ ጥፍር የምታስገባ። አንዳንዴ ሁሉም ዝም ብሎ ሲጽፍ ከጣሪያው “ቀጭ” የሚል ድምፅ ይሰማል። ሁሉም ቀና ይላል። ከዚያ አቀርቅሮ መጻፉን ይቀጥላል።

ከልጆቹ መሐል ስለ ሕንፃ የሚያጠና አንድ አለ፤ መሐንዲሱ እንለዋለን፣ ገና ሳይመረቅ። ቀጭን የመስታወት ቁራጭ አምጥቶ በስንጥቁ ላይ አጋደመና ጫፍና ጫፉን በጄሶ አጣበቀው። ግድግዳው ከቆመ መስታወቱ ደህና ይሆናል፣ ከተንቀሳቀሰ ግን ይሰበራል አለን። መጋዘኑንም ወጥቶ አየና ፊቱ ተለውጦ ወረደ። ከዚያ ለሕንፃ ጥገና ክፍል ማመልከቻ ጻፈ፤ እንደ ደንባችንም ጠረጴዛው ላይ ጮክ ብሎ አነበበው። “ጣሪያው ይወድቃል። ሰው ከክፍሉ ይውጣ” ይላል። ሌላ ብዙም የለው።

እኔ ይህን ሰምቼ ምን አልኩ መሰለሽ? “መቼ እንደሚወድቅ ታውቃለህ?” አልኩት። አላውቅም አለ። “እንግዲያው ይወድቃል አትበል፣ ሊወድቅ የሚችል ይመስላል በል። ይውጣ እያልክም ትልልቅ ሰዎችን አትዘዝ፣ ቢታሰብበት መልካም ነው በል” አልኩት። ልጁ አመነታ። ግን አስተማሪው እኔ ነኝ፤ ዓረፍተ ነገሩም ሲለዝብ አማረና ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ልጅሽ ብቻ የመጀመሪያው ይሻል ነበር አለች። “አንቺ ደግሞ የሰማሽውን ሁሉ በአራት ነጥብ ትዘጊያለሽ” ብዬ አሳቅኩባት።

መልሱ ቶሎ መጣ፤ በመጪው ዓመት ዕቅድ ይታያል የሚል። የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ድረስ ሄድኩ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ሻይ አዘዘልኝ፣ ስለ ጥርሴም ጠየቀኝ። ማመልከቻውን አውጥቶ ጣቱን እኔ የጨመርኩት ቃል ላይ አሳረፈና “የጻፈው ሰው ፈርቶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ረጋ ብሎ አይጽፍም ነበር፤ ይመስላል ለተባለ ነገር ክፍል አልዘጋም” አለኝ። ሻዩን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅሽ አዲስ ጽሑፏን እያነበበችልን ሳለ ብርጭቆ ከብርጭቆ የተነካካ የመሰለ ትንሽ ድምፅ ሰማን። ቀና ስንል መስታወቷ ከመሐል ተሰብራለች። ልጅሽ የያዘችውን ወረቀት እንደያዘች ቆማ ቀረች። መሐንዲሱ “ቦርሳችሁን ተዉትና ውጡ” አለ፤ ያን ጊዜ በምን አወቅክ ያለው ሰው የለም። በማግስቱ ጠረጴዛውን ተሸክመን ስናወጣ በሩ ላይ አንድ እግሩ ተሰበረ፤ ዛሬ በጡብ ተደግፎ ቆሟል። አሁን የምንሠራው ከደጅ፣ ከመኪና ማቆሚያው ቆርቆሮ ሥር ነው። ዝናብ ሲመጣ ድምፃችን አይሰማምና በምልክት እናወራለን። ልጆቹ ግን ከድሮው በዝተዋል፤ የሚያልፍ ሁሉ ቆም ብሎ ይሰማና ይቀመጣል።

አዲስ ማመልከቻም በኅብረት ጻፍን። አንዱ ዓረፍተ ነገር ይሰጣል፣ ሌላው ያነበዋል፤ የተለሳለሰ ቃል የሰማ ጠረጴዛውን በጣቱ ይመታል። ነጠላ ሰረዝ እንኳን፣ ወሬዋ መጨረሻ የሌለው ልጅ፣ “ጣሪያው ይወድቃል” ብላ ዘጋች። ሁላችንም ፈረምን። ኃላፊው አንብቦ ሲያበቃ “ባለፈው ይመስላል ነበር፣ ጠረጴዛችሁ ደጅ ሲወጣ ይወድቃል ሆነ?” ብሎ ሳቀና ከመጀመሪያው ጋር አያይዞ አስቀመጠው። የእሱ አለቃ ዘንድም ሄጄ ነበር። እሱም ያችኑ የመጀመሪያዋን ማመልከቻ አንብቦልኝ በትሕትና አሰናበተኝ። መሐንዲሱ ሌላ መስታወት አጣበቀ፤ ጠዋት ጠዋት በመስኮት አጮልቀን እናያታለን። ክፍሉ ባዶ ነው በማለት ብቻ ትንሽ ትንሽ እንተነፍስ ነበር።

ሰሞኑን ግን የፈተና ክፍል ድልድል ተለጠፈ። ጠረጴዛው ስለወጣ ክፍላችን ሰፊ ሆኗል አሉና የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን እዚያ መደቡ። እኛው ባዶ አድርገን አዘጋጀንላቸው ማለት ነው። ወንበሮቹ ገብተው ተደርድረዋል፣ ስም ስምም ተለጥፎባቸዋል። የልጅሽ ወንበር ከመስኮቱ ሥር ነው።

አትገቢም አልኳት። ፈተናው ካመለጠኝ የዓመት ድካሜን ውሃ በላው አለች። ደግሞም ጓደኞቼ እዚያ ተቀምጠው እኔ ከደጅ ቆሜ አላያቸውም አለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ መልሼ ለመንኳት። በመጨረሻ ዓይን ዓይኔን እያየች “አጎቴ፣ ሊወድቅ የሚችል ይመስላል ያልከው አንተ አይደለህ?” አለችኝ። አምናበት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ልትገባ ቆርጣ መደገፊያ ፈልጋ ነው። መደገፊያውን ያቀበልኳት ግን እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ስናገር ቃሌ ለራሴም ክብደት ያጣብኛል።

እታለም፣ በጣም ፈርቻለሁ። መኪና ማቆሚያው ላይ ከባድ መኪና ሲያልፍ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። ልጅሽን ስትሰጪኝ አንገቴን አቅፈሽ “አደራህን” ብለሽኛል፤ ሌላ ቃል አልጨመርሽም። እኔን አልሰማ ብላለች፣ አንቺን ግን ትሰማለች። ፈተናው የሚጀምረው በሚቀጥለው ወር መግቢያ ነውና ደብዳቤዬ እንደደረሰሽ ደውዪላት። አጎትሽ እንዲህ አለ አትበያት። ለኔ ስትዪ እያልሽም አታባብያት፣ ማባበል ከጀመርሽ ታሸንፍሻለች። “አትገቢም” በያትና ዝጊው። ዓመቱ ይለፍ፤ ዓመት ይመጣል።

ጓደኞቿን ካነሳችብሽም አትጨነቂ። ዛሬ እሷ ትምህርት ላይ ስትሆን ቆርቆሮው ሥር የተቀመጥነው ሁሉ ደብዳቤ ስንጽፍ ነው የዋልነው፤ እያንዳንዳችን እዚያ ክፍል ለተመደበ ለአንድ ልጅ እናት ወይም አባት። ነጠላ ሰረዝ ለገዛ አባቷ ጽፋለች፤ እሷም እዚያው ናት የተመደበችው። ሁሉም ጮክ ብሎ አነበበ፣ ሁሉም ጠረጴዛውን እየመታ አስተካከለ። የኔን ሳነብላቸው ሦስት ቦታ መቱብኝ። ማንም ካልገባ ልጅሽ ጓደኞቿን ትታ የወጣች አትሆንም።

እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ምን ጻፈ ካለችሽ ጥርሱን አሞታል በያት። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ እሱም ስልኩን ተቀብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አንድ ቃል ይጨምርላት፣ አባቷ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ አታውቅምና ይገባታል። ትንሹን ኩርፍተኛ ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ለእኅቱ ነይ ይበላት። ከጎን ያለችውን ጎረቤትሽንም ሰላም በያት፤ ጸሐፊ ነው ማለቱ ግን ይቅርባችሁ።

ኤንቨሎፑን ከማሸጌ በፊት ሄጄ በመስኮቱ አጮልቄ አየሁ። አዲሷም መስታወት ተሰብራለች። ግማሿ የልጅሽ ወንበር ላይ ወድቃለች።

ጣሪያው ይወድቃል፣ እታለም።

ወንድምሽ
ከመኪና ማቆሚያው ቆርቆሮ ሥር
ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፱ ቀን