ድምፅ የሌለው ማሽን

ማክሰኞ፣ ጥር 2 ቀን 2009

ዛሬ ሦስት ሙሽሮች። የሁሉም ቅንድብ። አንዷ ከቡሬ ድረስ መጥታ "እንደ አዲስ አበባ ልጆች ቀጭን አርጊልኝ" ትላለች... ፊቷ ግን ቁርጥ የእናቷ። ምን ላድርግ?

ኮይሉ፣ የመነቀሻ ማሽኔ፣ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ። ወድጄው ነው እኮ ጩኸቱን። ሁለቱ የመዳብ ጥቅልሎች ሲንቀጠቀጡ መርፌው የት እንደደረሰ ይነግሩኛል። ሲጠልቅ ድምፁ ይወፍራል፣ ያኔ እጄን አቀልላለሁ። ባሕር ዳር ሙያውን ያስተማረችኝ ሴት "ከእጅሽ ይልቅ ጆሮሽን እመኚ" ትለኝ ነበር። ይኸው ስምንት ዓመት በጆሮዬ ነቀስኩ።

ማሽኑን ሳስነሳ ወንድሜ ገነነ ብድግ ብሎ ወጣ። ትናንትም እንዲሁ። ከእስር ካምፕ ከተመለሰ ሃያ ቀኑ። ከሚያስተምርበት ከሽንዲ በመስከረም ወሰዱት፣ በታኅሣሥ መለሱት። "ሥልጠና ነበር" አሉ። ሥልጠና ሰው እንዲህ ያከሳል? የማስተማር ሥራውንም አልመለሱለት። አሁን ከምሠራበት ክፍል ጀርባ፣ ከችፑዱ ግድግዳ ማዶ ይተኛል። ቀንም ይተኛል።

ቅዳሜ፣ ጥር 6

ጓሮ አገኘሁት። ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሁለት ጆሮውን ይዞ።

"ምነው ገነነ? አመመህ?"

"የመርፌው ድምፅ ነው፣ እታለም። አልቻልሁትም።"

ሌላ አልጨመረም። ቅኔ ቤት ሦስት ዓመት የቆየ ሰው ቃል ይቆጥባል። እኔም አልጠየቅሁት። በእኛ ቤት ማን ይጠይቃል? አባታችን ሲሞቱ እንኳ "ደክሟቸዋል" ነው የተባልነው።

እዚያ ምን እንዳደረጉት አላውቅም። ሽቦ? ኤሌክትሪክ? ይህ ዝዝ ማለቱ ያንን እያስታወሰው ቢሆንስ... አለቀስኩ። ማሽኑን መቀየር አለብኝ። ከዚህ ቤት ከወጣ የት ይገባል? እንዲህ ሆኖ ማን ያኖረዋል?

ቅዳሜ፣ ጥር 13

ክንፈሚካኤል መጣ። ከአዲስ አበባ የውበት ሳሎን ዕቃ እየጫነ በየከተማው የሚያዞር ነው፣ ምላሱም አብሮ ይዞራል። ሮተሪ የሚሉትን አሳየኝ። እንደ እስክሪብቶ ቀጭን፣ ውስጡ ትንሽ ሞተር። አስነሳው። ጆሮዬን አስጠጋሁ... ምንም። ዝንብ ይበልጠዋል።

"እጅሽን አይጎትት፣ አይግል፣ ብሎን ማጥበቅ መፍታት የለ!"

"ጥልቀቱን በምን አውቃለሁ?"

"በዓይንሽ ነዋ! አንች ደግሞ፣ ንቅሳት በጆሮ ሆኖ ያውቃል?"

ኮይሉን ይዤ ቆየሁ። ይከብዳል፣ ይግላል፣ ማታ ማታ አንጓዬን ያመኛል። ግን ያናግረኛል። ሮተሪው ዲዳ ነው።

"ዲዳውን ስጠኝ" አልኩት። ኮይሉን በለውጥ ወሰደው። ለገነነ አልነገርኩትም። ራሱ ይስማው... ማለቴ፣ አይስማው።

ማክሰኞ፣ ጥር 16

ዛሬ ተዋረድኩ። አቻምየለሽ የምትባል ሙሽራ ቅንድብ ላይ መርፌው ጠለቀብኝ። ደም። ቀለሙ ከቆዳዋ ሥር ተንሰራፋ። ያወቅሁት "እህህ..." ስትል ነው። እንደ ጀማሪ! እናቷ "ለሠርጓ እኮ ነው!" ብለው ጮኹብኝ። ምን ይመለሳል? ደሟን ጠረግሁላት።

ይሁን። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ለገነነ ስል እችለዋለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 17

ዛሬም ወጣ። ከበፊቱም ቀድሞ። ለምን?

ዓርብ፣ የካቲት 3

ተናገረ። ምሳ ላይ ነበርን። የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ በቁጣ።

"ላንተ ብዬ ማሽን ቀየርኩ። አሁን ደግሞ ምኑ ነው የሚያስወጣህ?"

የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ።

"ማሽኑ ምን አረገኝ፣ እታለም? እሱስ ደግ ነበር።"

"የመርፌው ድምፅ አላልህም?"

"መርፌው የሚያወጣውን ድምፅ ማለቴ ነው። ሴቶቹ ሲያቃስቱ... የድሮው ማሽን ሲጮህ ይሸፍንልኝ ነበር። ከጩኸቱ መሃል የምታመልጠዋን ትንሿን ማቃሰት ነበር የምሸሽ። አሁን ሁሉንም እሰማለሁ። ከግድግዳ ማዶ ሰው ሲያቃስት... ሦስት ወር ስሰማ የከረምሁት ይኸን ነው።"

እና እኔ! ሰሙን ይዤ ወርቁን ጣልኩ። ጩኸቱን ላጥፋለት ብዬ ማቃሰቱን ገለጥኩበት። በዚያ ላይ እጄ ጆሮ አጥቶ ከድሮው ይበልጥ እያሳመምኳቸው ነው። ምነው ያን ቀን "የትኛው ድምፅ?" ብዬ ብጠይቀው! ሁለት ቃል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 4

ለክንፈሚካኤል ደወልኩ። ኮይሉን ደብረ ማርቆስ ላለ ልጅ ሰጥቶታል። ሌላ ለማምጣት ሁለት ወር ይፈልጋል። ሁለት ወር!

መዝሙር ከፍተኛ ድምፅ ላይ አድርጌ ከፈትኩ። ገነነ ገብቶ ቀስ ብሎ ዘጋው። "መዝሙሩን እንዳልጠላው" አለኝ።

ሥራውን ብተወውስ? ጾም ሊገባ ነው፣ የቀረው ይህ የሠርግ ሳምንት ብቻ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ምን እንበላለን?

ረቡዕ፣ የካቲት 8

ብልሃት ያገኘሁ መስሎኝ... "ነጠላሽን ንከሺ፣ ድምፅ እንዳታወጪ፣ ቤት ውስጥ የታመመ አለብኝ" እያልኩ ዋልኩ። እሺ ይላሉ። የሰው በሽተኛ ያከብራሉ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ ነጠላዋን አፏ ውስጥ አጭቃ፣ እንባዋ ወደ ጆሮዋ እየወረደ ሳለ፣ ገነነ ውሃ ሊቀዳ ገባ። ቆሞ አያት።

"አንች ነሽ እንዲህ ያረግሻት?"

"ላንተ ብዬ እኮ ነው..."

"እኛንም አፋችን ውስጥ ጨርቅ ነበር የሚከቱብን።"

ድምፁን አላነሳም። ልጅቱን "ይቅር በይን" አላት። እኔን አላየኝም።

ሐሙስ፣ የካቲት 9

አልጋው ተነጥፏል። ጋቢው የለም። መናኸሪያ ሮጥኩ። ትኬት ቆራጩ "በመጀመሪያው የባሕር ዳር መኪና ወጥቷል፣ መተማ እሄዳለሁ ሲል ሰምቻለሁ" አለኝ። መተማ ማን አለው?

ማክሰኞ፣ የካቲት 21

ስልኩ ዝግ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 6

ጾም ስለሆነ ሰው የለም። ዛሬ ግን ማሚቱ የሚባሉ እናት ከፈረስ ቤት መጡ። ክንዳቸው ላይ መስቀል ፈልገው። ከገነነ ወሬ የለም። ሱዳን ገብቷል የሚል አለ፣ መንገድ ላይ ያዙት የሚልም አለ። ሁለቱንም አላምን፣ ሁለቱንም አስባለሁ።

ሮተሪውን አስነሳሁ። ሴትዮዋ ሳልናገር የነጠላቸውን ጫፍ ጠቅልለው ወደ አፋቸው ወሰዱ።

"ምነው እማማ?"

"የታመመ አለባት ሲሉ ሰምቼ ነው፣ ልጄ። አይዞሽ፣ ድምፅ አላወጣም።"

ወሬው ፈረስ ቤት ድረስ ሄዷል። እኔ የት ልሂድ? እጃቸውን ይዤ ነጠላውን አወረድኩት።

"እንደ ልብዎ ያቃስቱ፣ እማማ" አልኳቸው። "ቤቱ ውስጥ የሚሰማ የለም።"