ጥማድ የሚለው ቃል

ጥቅምት 3
ኤሊው ባልደረባዬ ዛሬም «ጥማድ» ላይ ነው። አራተኛ ቀኑ! ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን መዝገበ ቃላት እናዘጋጃለን። እኔ የቃላቱን ፍቺ ካርድ ላይ እጽፋለሁ፣ እሱ አይቶ ማተሚያ ቤት ይልካል። ማየት እቴ! ማፍጠጥ ነው እንጂ። «ጥማድ፦ ሁለት የሆነ ነገር» ብዬ ጨርሻለሁ። ምን ቀረው?

«እህቴ፣ ሁለት ጫማ ጥማድ ይባላል?» አለኝ።

«ጋሼ፣ ይለፍ በቃ!»

አያልፍም። ነገ አራሽ ሊጠይቅ ገጠር ይሄዳል። አይ ሰው!

ጥቅምት 5
አለቃ ጠራኝ። «ለዚህ ሥራ አንድ ሰው ይበቃል። ባልደረባሽ ዘገምተኛ መሆኑን ጽፈሽ ፈርሚልኝ፣ አሰናብተዋለሁ።»

ግማሽ ገጽ ጻፍኩ። እጄ እንኳ አልደከመም። ጡረታው ሊደርስ ሁለት ዓመት ቀርቶታል... ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?

ጥቅምት 6
ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣ። ደስ ብሎታል፣ እንደ ልጅ።

«‹ጠመደ› ከሚለው ነው የመጣው። ቀንበር ካልዋለባቸው ሁለት በሬ ሁለት በሬ ነው እንጂ ጥማድ አይባልም። አራሹ ደግሞ ምን አለኝ መሰለሽ? ሁለት ችኩል አብረህ አትጥመድ፣ ማረሻ ይሰብሩብሃል።»

በሬ ሊያስተምረኝ! ሳቄ መጣ። ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ለአለቃ ሰጠሁ።

ጥቅምት 10
ሄደ። መነጽሩንና እርሳሶቹን በፌስታል ይዞ። «እህቴ፣ ‹ጠ› አልቋል፣ ወደ ‹ጨ› እለፊ» ብቻ አለኝ። ግልግል! ክፍሉ ሰፋ።

ጥቅምት 19
የ‹ጨ› ሙከራ እትም ከማተሚያ ቤት መጣ። አሥራ አንድ ስህተት። ሁሉም የኔ። አለቃ ሰው ፊት «ድሮ እንዲህ አልነበርሽም!» አለኝ።

አልነበርኩም? የድሮ ካርዶቼን ከኤሊው መሳቢያ አወጣሁ። ያላረመው የለም። ጠርዝ ላይ፣ በእርሳስ፣ በዚያች ደቃቅ ጽሕፈቱ። ስድስት ዓመት ሲያርመኝ ኖሮ ትንፍሽ አላለም። እኔ ደሞ ጎበዝ ነኝ ብዬ ስንጠራራ... ወይ ጉድ! አፈርኩ።

ጥቅምት 21
አለቃን «ወረቀቱን ይመልሱልኝ» ስለው፣ «ፊርማው ያንቺ አይደለም እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ኤሊው ቤት ሄድኩ። ኤሊ! ምላሴን ይቁረጠው። በሩን ራሱ ከፈተልኝ። ቁጭ በይ ቢለኝ እንቢ አልኩ።

«ጋሼ፣ ዘገምተኛ ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣ አለቃ አስነብቦኛል» አለ። መነጽሩን ጠረገ። «ሁለት ቦታ ተሳስተሽ ነበር። አርሜ መለስኩለት።»